በውሰት የሄደችው አዋላጅ

ጤና ጣቢያው ሲስተር የማርያምወርቅን ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር ያዋሳት፤ የሸኛት ግን ተመልሳ እንደማትመጣ ሰው ነው። ጣጣው ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ነው።

እንጦጦ ማርያም አካባቢ፣ ባሕር ዛፉ መሃል ተበታትነው የሚኖሩት ሴቶች ምጥ ሲይዛቸው በቃሬዛ ነበር ቁልቁለቱን የሚወርዱት። አንዷ ጤና ጣቢያው ሳትደርስ መንገድ ዳር ትገላገላለች፤ ሌላዋ ከነጭራሹ አትደርስም። ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ «የእናቶች ጥላ» የሚባል ድርጅት ይኼን አይቶ ተራራው ላይ ክሊኒክ ከፈተ። አልጋ ገዛ፣ ግድግዳ ቀባ፣ ባለሥልጣን ጠርቶ ሪባን አስቆረጠ፤ አዋላጅ እንደሌለው ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ለጤና ጣቢያው «ሰው አውሱኝ» ብሎ ጻፈ።

«ሰውም ይዋሳል እንዴ?» አለች ልጇ ናዝሬት፣ ወሬውን የሰማች ዕለት። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ጤፍ ይቆላል።

«ይዋሳል። ሕግ አለው» አለች እናቷ። «ደሞዜን እነሱ ይከፍላሉ። መደቤ ግን እዚሁ ይጠብቀኛል። እስክመጣ ሌላ ሰው በተጠባባቂነት ይሸፍንልኛል፣ ውሰቱ ሲያልቅ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ።»

«እንደ ድግስ ድስት በይኛ!»

«አዎ፣ እንደ ድስት።»

«እሱ እኮ ሲመለስ ቂጡ ጠቁሮ ነው እማዬ።»

የማርያምወርቅ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችባት። ናዝሬት ጎንበስ ብላ አሳለፈችው፤ ለምዳዋለች።

መሄዱ ለየማርያምወርቅ ቀላል አልነበረም። የማዋለጃ ክፍሉን ከአንዲት ባዶ ክፍል አንስታ፣ አልጋውን ከየመጋዘኑ ለምና፣ ልጅ ነርሶቹን አሠልጥና እዚህ ያደረሰችው እሷ ናት። አስተባባሪ ስለሆነች ሥራዋ ቀን ቀን ነው። ጉልበቷ ካበጠባት ወዲህ ሌሊት መቆም አይሆንላትም፤ ቤት ደግሞ ከናዝሬት ጋር ሁለት ናቸው፣ ሦስተኛ ሰው የላቸውም። ያን ቦታ ካጣች ሌሊት ተረኛ ልትሆን፣ ልጇም ሌሊት ሌሊት ብቻዋን ልታድር ነው። ይኼን ሁሉ አስባ፣ «ወንበሬ ይጠብቀኛል» የሚለውን ሕግ አምና ሄደች።

መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሰው የሚሄድበትን መንገድ አንድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጡረታ ወጣ፣ ሽኝት። ክፍለ ሀገር ተዛወረ፣ ሽኝት። አሜሪካ ዲቪ ደረሰው፣ ትልቅ ሽኝት። በውሰት ለሚሄድ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ስለሌለ ሽኝት ተባለ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢዋ ሲስተር ውዴ ሆነች።

ውዴ ለየማርያምወርቅ ጓደኛ ከማለት እህት ማለት ይቀላል። ሙያውን እጇን ይዛ ያስተማረቻት የማርያምወርቅ ናት። ምሳ የሚበሉት ከአንድ ሰሃን ነው፤ ናዝሬት «እትዬ ውዴ» እያለች ነው ያደገችው። ተጠባባቂ አስተባባሪ እንድትሆንም «ከውዴ ሌላ ለማንም አላስረክብም» ያለችው ራሷ የማርያምወርቅ ነበረች። ውዴም መዋጮ ሰብስባ ፍየል ገዛች፣ ካባ ገዛች፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ልጅ ጠራች።

ናዝሬት ካባው እናቷ ትከሻ ላይ ሲደረግ አይታ ጮክ ብላ ሳቀች። «ለአንድ ዓመት ነው እኮ! እንጦጦ ነው እኮ! ከዚህ ድንጋይ ብወረውር ይደርሳል!» የሰማት የለም፤ ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ወንደሰን ተነሥተው ንግግር አደረጉ። ናዝሬት የሰማችው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጓሮ ፍየሉ ዘንድ ሄደች። ለፍየሉ ጥብስ የነበራት ፍቅር ለንግግር ከነበራት ይበልጥ ነበር።

ዓመቱ አለቀ። ድርጅቱ «አንድ ዓመት ጨምሩልኝ» አለ፤ ተጨመረለት። ከዚያ ከውጭ የሚመጣለት ዕርዳታ ቆመና ክሊኒኩ ተዘጋ። የማርያምወርቅ በአንድ ሰኞ ጠዋት ነጭ ጋውኗን ተኩሳ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ናዝሬትም ትምህርት ቤት መሄጃዋ ስለሆነ አብራት ነበረች። ሰባተኛ ክፍልን ወዳው ነው መሰለኝ ሁለተኛ ዓመቷን ተቀምጣለች፤ ማርፈዱ ግድ አልሰጣትም።

ውዴ ከወንበሩ ተነሥታ አቀፈቻት። አገላብጣ ሳመቻት። «የማርዬ! ጠቆርሽ እኮ! ብርዱ በላሽ!» አለችና የጎን ወንበር ሳብ አደረገችላት። «ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ። ሻይ ይምጣልሽ።»

ናዝሬት ገና ያን ጊዜ ነገሩ ሸተታት። ለሠራተኛ ሻይ አይታዘዝለትም፤ ሻይ የሚታዘዘው ለእንግዳ ነው።

«ሻዩ ይቆየኝ» አለች የማርያምወርቅ እየሳቀች። «መጀመሪያ መዝገቡን አስረክቢኝና አልጋዎቹን ልይ።»

ውዴ ሳቋን ዋጠች። «አቶ ወንደሰን አላነጋገሩሽም እንዴ?»

አቶ ወንደሰን ሲያነጋግሯት ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ማኅተም ያገላብጡ ነበር። «ሲስተር፣ ይኼ ቢፒአር የሚባለው ነገር መጣ። ሠራተኛ ሁሉ እንደ አዲስ ተደለደለ። ተጠባባቂ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ተጠባባቂ ሆኖ አይቀመጥም፣ መመሪያው አይፈቅድም። ስለዚህ ሲስተር ውዴን በቋሚነት መደብናት።»

«የተዋሰ ሰው መደብስ ይጠበቃል አይልም እንዴ መመሪያው?»

«ይላል።»

«ታዲያ?»

«ሁለቱም መመሪያ ነው» አሉ አቶ ወንደሰን፣ ከልባቸው አዝነው። «አንዱን ስናከብር አንዱ ተጣሰ። ደግሞም ሲስተር፣ እኛ የለቀቁ መስሎን ነው። እንደዚያ አድርገን ሸኝተንዎት!»

በሩ ላይ ተደግፋ የቆመችው ናዝሬት አላስቻላትም። «የሸኛችሁት እናንተ! ማን ሸኙኝ አላችሁ?»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ» አለች እናቷ።

«ዝም ብያለሁ። ግን ፍየሉንም እኛ አልበላነውም፣ እናንተ ናችሁ የበላችሁት!»

ይኼ ውሸት ነበር፤ የጎድኑን እኩሌታ የበላችው እሷ ናት።

የማርያምወርቅ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አመለከተች። የኮሚቴው ሰብሳቢ የመድኃኒት ቤቱ አቶ ፍሥሐ ነበር፤ ቀጭን፣ ፍርሃት የማያውቅ፣ ለእውነት የሚሟገት ሰው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ድረስ መጣ። «ሲስተር፣ ነገሩ አንድ ጥያቄ ላይ ነው የቆመው» አላት። «በውሰት የሄደ ሠራተኛ መደቡ የራሱ ነው፣ በገዛ ፈቃዱ ካልለቀቀ በስተቀር። አንቺ ለቅቄአለሁ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

የማርያምወርቅ ቃሉን መርጣ መለሰች። «በጽሑፍ? በፍጹም።»

«እነሱ በሽኝቱ ቀን ለቅቃለች ነው የሚሉት። ያኔ አቶ ወንደሰን የተናገሩትን የሚያስታውስ ሰው ባገኝ...»

«ቪዲዮው አለ!» አለች ናዝሬት ዘልላ። «"ለአንድ ዓመት ነው ያዋስናችሁ፣ አደራ መልሱልን" ብለዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ናዝሬት!»

«ምን? ሲዲው ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው።»

«የሰው ዕንባ ማስረጃ አይሆንም። አይነካም አልኩ!» አለች የማርያምወርቅ። እንዲህ ጮሃ አታውቅም።

ናዝሬት እናቷ አፈረች ብላ ነው ያሰበችው። የማርያምወርቅ ያን ሲዲ አልወደደችውም፤ ጎረቤት መጥቶ ሲከፈት እንኳ የራሷ ተራ ሳይደርስ ብድግ ብላ ታጠፋዋለች። «መልኬን በቴሌቪዥን ማየት አልወድም» ነበር ምክንያቷ። ናዝሬትም እናቷ ምን እንደተናገረች አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። ይሉኝታ እናቷን ድሮም አጉል ነው ያደረጋት፤ ሰው እግሯን ረግጧት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። በይሉኝታ ቦታዋን ስታጣ እንዴት ዝም ተብሎ ይታያል? ሰኞ ጠዋት ናዝሬት ሲዲውን ደብተሯ መሃል ሸጉጣ ወጣች። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት አሳልፋ ለአቶ ፍሥሐ ሰጠችው። «እናቴ ነች የላከችኝ» አለችው፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ስብሰባው ረቡዕ ሆነ። ጤና ጣቢያው ያለው ቴሌቪዥን አንድ ነው፤ እሱም በሽተኞች ተራ የሚጠብቁበት አዳራሽ ውስጥ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ኮሚቴው እዚያው ተቀመጠ። ተመላላሽ በሽተኞቹን «እባካችሁ ለጥቂት ጊዜ ውጡ» ቢሏቸው «ተራችን ያልፋል» ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ ነፍሰ ጡሩም፣ ሳል የያዘውም፣ ልጅ ያዘለችውም እያየ ሲዲው ተከፈተ።

የማርያምወርቅ ሲዲውን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ወደ ልጇ ዞረች። አልተቆጣችም፣ ትክ ብላ አየቻት። ናዝሬት ዓይኗን ሰበር አድርጋ ፈገግ አለች፤ ቆይ ታመሰግነኛለች ብላ።

አቶ ወንደሰን በቴሌቪዥኑ ውስጥ ተነሡ። ያኔ ወፈር ያሉ ነበሩ። «ሲስተር የማርያምወርቅን ለአንድ ዓመት ነው ያዋስናችሁ» አሉ ለድርጅቱ ሰዎች። «ሰጠናችሁ አላልንም! አደራ፣ እንደ ወሰዳችሁ መልሱልን!» ጭብጨባ።

ወንበሩ ላይ ያሉት አቶ ወንደሰን መሬት መሬት አዩ። ውዴ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ መጠቅለል ጀመረች።

«ይኸው!» አለች ናዝሬት። «ምን አልኳችሁ? ይኸው!»

አቶ ፍሥሐ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ፊቱ በራ። «እንግዲህ ግልጽ ነው። ኃላፊው ራሳቸው እንደሚመለሱ በአደባባይ ተናግረዋል። ይበቃናል» ብሎ ሊያጠፋ ተነሣ።

«ቆይ ጋሼ!» አለች ናዝሬት። «የእማዬ ንግግር አለ እኮ። ዋናው እሱ ነው። እሱንም ይስሙት እንጂ!»

«ይበቃል» አለች የማርያምወርቅ።

«አይበቃም! አንቺ ሁልጊዜ ይበቃል ነው። ዛሬ እንኳ ይስሙሽ!»

አቶ ፍሥሐ ፈገግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

በቴሌቪዥኑ ውስጥ ውዴ ማይክ ይዛ ታለቅሳለች። «የማርዬ፣ ወንበርሽን ባዶውን እያየሁ እንዴት ነው የምውለው? አልችለውም!» አለች፤ ተንሰቀሰቀች። አዳራሹ ሁሉ አብሯት ተንሰቀሰቀ። ያኔ የማርያምወርቅ ካባዋን እየጎተተች ሄዳ አቀፈቻት፣ ማይኩንም ተቀበለች።

«አታልቅሽ የኔ እህት» አለች፤ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ባዶ ለምን ይሆናል? አንቺው ተቀመጪበት። እኔ በልቼበታለሁ፣ ተከብሬበታለሁ፤ ከእንግዲህ ያንቺ ይሁን። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መርቄ ሰጥቼሻለሁ። ተሾሚበት፣ ተሸለሚበት፣ አርጂበት!»

«አሜን!» አለ የሽኝቱ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ።

«አሜን!» አለች ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ከሾላ ገበያ የመጣች የቅመም ነጋዴም። «እሰይ! ምርቃት እንዲህ ነው!» ብላ እልል አለች። ምን እንደተፈጠረ አልገባትም፤ ማንም አልፈረደባትም።

ናዝሬት ልትከራከር ብድግ አለች። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ይላል። የሚሄድ ሰው ይመርቃል፤ የሚመረቀው ያለቅሳል፤ ተሰጠ የተባለውን ቆጥሮ የሚረከብ ግን የለም። ሰርግ ላይ «ቤቴ ቤትህ ነው» የተባለ ሁሉ ቁልፍ አምጡ ቢል ማን ቤት ይኖረው ነበር? ይኼን ሁሉ ልትናገር ፈለገች። ቃሉ ግን ከእናቷ አፍ ነው የወጣው፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

አቶ ፍሥሐ ሲዲውን አጠፋ። ከዚያ ወደ ውዴ ዞሮ «ሲስተር ውዴ» አላት ለስለስ አድርጎ፣ የምትወጣበትን ቀዳዳ እየከፈተላት። «ይኼ የሽኝት ወግ ነው አይደል? እንደው የአፍ ምርቃት ነው። አንቺስ ያኔ ምን መስሎሽ ነበር?»

የሁሉም ዓይን ውዴ ላይ አረፈ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ወግ ነው ብትል ያበቃ ነበር። ውዴ ግን አስተባባሪ በሆነች ማግስት መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ደርሷት ገብታለች፣ የባንኩ ዕዳ በዚሁ ደሞዝ ነው የሚገፋው። የነጠላዋን ጥለት ጠቀለለች፣ ፈታች።

«እኔ ምን እላለሁ» አለች በመጨረሻ፣ ማንንም ሳታይ። «አልለመንኳትም። ራሷ ናት የተናገረችው። ምርቃት ደግሞ አይመለስም፣ ይሰብራል ይባላል።»

«ማንን ነው የሚሰብረው?» አለች ናዝሬት። «አንቺን ነው እማዬን?»

ውዴ ጥለቱን እንደገና መጠቅለል ጀመረች።

ኮሚቴው ዓርብ ወሰነ። ሲስተር የማርያምወርቅ የአስተባባሪነት መደቧን በገዛ ፈቃዷ በአደባባይ የለቀቀች በመሆኑ ቅሬታዋ አልጸናም፤ ሆኖም የጤና ጣቢያው ሠራተኛነቷ ስለማይቋረጥ በተረኛ አዋላጅነት ትመደብ፤ ለጊዜው ክፍት ያለው የሌሊት ተራ ነው። አቶ ፍሥሐ ውሳኔውን የነገራት ቤቷ ድረስ መጥቶ ነው። «ይግባኝ አለ፣ አስተዳደር ፍርድ ቤት ሂጂ። እኔ እመሰክርልሻለሁ» አላት። እሷም አመስግና ሸኘችው።

ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ተፋጠጡ። የማርያምወርቅ እግሯን በሙቅ ውሃ ነክራ ተቀምጣለች። ናዝሬት ትዘልፈኛለች ብላ ጠበቀች፤ ነጠላ ጫማም ቢሆን ይወርወርብኝ ብላ ጠበቀች። ምንም የለም። ይኼ ከነጠላ ጫማው ባሰባት።

«ምቺኝ» አለች በመጨረሻ።

«ለምን እመታሻለሁ? ውሸት አላመጣሽ።»

«ታዲያ ይግባኝ በያ! ለወጉ ያህል ነበር በያቸው! ውሸቴን ነበር በይ!»

«ውሸቴን አልነበረም» አለች የማርያምወርቅ። ውሃውን በእግሯ አማሰለችው። «ያን ቀን ከልቤ ነበር። በጣም ነበር የምወዳት። ብትለምነኝ ኖሮ እውነትም እሰጣት ነበር፤ ልጆች አሉብኝ፣ ዕዳ አለብኝ፣ ተዪልኝ ብትለኝ እተውላት ነበር። አሁን ፍርድ ቤት ቆሜ ምን ልበል? የመረቅኳት ዋሽቼ ነው ልበል? ቦታውን እንደሆነ ወስደውታል። ቃሌን ለእነሱ ብዬ አላረክሰውም።»

«ቃልሽ የሌሊት ተራ ተቀምጦልሽ ያድራል?»

እናቷ እግሯን ከውሃው አውጥታ ማድረቅ ጀመረች። ናዝሬት ምላሷን የጠላችው የዚያን ቀን ነው፤ ግን ጠልታውም አላረፈም።

በሳምንቱ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የማርያምወርቅ ለመጀመሪያው ተራዋ ሄደች። ናዝሬት እራቷን በሳህን ቋጥራ ተከተለቻት። ውዴ ወደ ቤቷ ልትሄድ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ስታያቸው ፊቷ ተቀያየረ። ከዚያ እጇን ዘርግታ «የማርዬ...» ብላ ቀረበች።

የማርያምወርቅ አልሸሸችም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሳመቻት፣ እንደ ወጉ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ እጆቿን ፊት ለፊቷ አጣመረች። «ደህና አመሹ ሲስተር?» አለቻት። «የትኛው አልጋ ላይ ልጀምር? እርስዎ እንዳዘዙኝ ነው።»

ውዴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እኔን ነው እርስዎ የምትዪኝ? የማርዬ፣ እኔን?»

«አለቃዬ አይደሉ እንዴ።»

ናዝሬት እናቷ ውዴን እንድትሰድብላት ስንት ቀን ሙሉ ተመኝታ ነበር። ስድብ ብትሰማ ይሻላት ነበር። ውዴ ዕንባዋ መጣ፤ የሚያቅፋት ስላልነበረ ቦርሳዋን ይዛ በጓሮው በር ወጣች። የማርያምወርቅ ጋውኗን ቆልፋ፣ ግድግዳውን ይዛ እየተደገፈች ወደ ውስጥ ገባች። እራቱን ለመቀበል እንኳ አልዞረችም።

ናዝሬት ሳህኑን በተረኛዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች። በር ላይ ዘበኛው ጋሽ ገመዳ ካፖርታቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ፊታቸው ፈካ።

«ናዚ! ሲስተር የማርያምወርቅ ተመለሰች የሚሉት እውነት ነው? እኔ ተራ የገባሁት አሁን ነው፤ ስትገባ አላየኋትም። እሰይ፣ ቤቱ ያለ እሷ ምን ደስ ይላል!»

«አልተመለሰችም ጋሼ» አለች ናዝሬት። «አዲስ ሰው ነው የቀጠራችሁት።»